ከባቲ በታች ያሉትን ደረቅ ተራሮች ዞሮ መመለስ፦ ውሃው፣ አቅጣጫው፣ መሪው

ይጎፍ ሥር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጦሳንና የይጎፍን ተራራ የለመዳችሁ፣ በረሃም ያያችሁ ሰዎች ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ኮምቦልቻ ያለን አምስት ጓደኛሞች ከባቲ አልፈው ወደ አፋር የሚወርዱትን ደረቅ ተራሮች በእግር ዞረን ለመመለስ አስበናል። ያው ወደ ሚሌ ስትሄዱ ከመኪና መስኮት የምታዩዋቸው ናቸው። ቡናማና ጥቁር፣ ከጥቂት ግራር በቀር ዛፍ የሌለባቸው። የጫፎቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ከአካባቢው ሰው ጋር ሳንነጋገር ሰው እንዲጎርፍባቸው አንፈልግም።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ከላይ ካለ አንድ መንደር ንጋት ላይ እንነሳለን። ሸንተረሩን ይዘን የመጀመሪያውን ጫፍ እንወጣለን። ከዚያ ወደ ደረቁ ወንዝ 600 ሜትር ያህል እንወርዳለን፤ እዚያው እናድራለን። በማግስቱ የቀሩትን ሁለት ጫፎች ወጥተን በሌላኛው በኩል መነሻችን ጋ እንደርሳለን። በመጣንበት መመለስ የለም፤ ጉጉታችንም እሱ ነው።

ውሃ ስንት ሊትር እንያዝ? ዙሩ በየት በኩል ቢጀመር ይሻላል? የሳተላይት ካርታ ስልኬ ላይ አውርጃለሁ፣ ፓወር ባንክም አለ። ታዲያ መሪ ሰው ግድ ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ቀድሜ የምነግርህ ግን ጦሳ ለዚህ ጉዞ ጉልበትህን እንጂ ልብህን አያዘጋጅም። ጦሳ ላይ ዳገቱ ይቀድማል። ከደከመህ ዞር ትላለህ፣ ደሴ ከእግርህ ሥር ናት። ቁልቁል ወርደህ ፒያሳ ሻይ ትጠጣለህ። ሰውነትህ «በቃኝ» ባለህ ሰዓት መመለሻው ይቀልልሃል።

የባቲው ዙር የተገለበጠ ነው። ጠዋት በነፋሻ አየር፣ ጉልበትህ ሙሉ ሳለ፣ ከመጀመሪያው ጫፍ ቁልቁል ትወርዳለህ። ሁሉ ነገር ቀላል ይመስልሃል። እውነተኛው ዳገት የሚጀምረው ውሃህ ከጎደለ፣ ጉልበትህም ከዛለ በኋላ ነው። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱን 6.5 ዲግሪ ያህል ይለውጠዋል። 600 ሜትር ስትወርድ አራት ዲግሪ ገደማ ጨመረብህ ማለት ነው። ይህ የአየሩ ብቻ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ከታች ወደ ፊትህ ይመልሰዋል።

አሜሪካ ግራንድ ካንየን የሚባለው ጥልቅ ሸለቆ ላይ የፓርኩ ጠባቂዎች ከአፋፉ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስን አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። ጎልማሳና ጠንካራ ሰው ነው እዚያ የሚወድቀው። ቁልቁለቱ ያታልለዋል።

ስለዚህ «እንቀጥል ወይስ እንመለስ?» የሚለውን የምትወስኑት የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ቆማችሁ ነው። እዚያ ከአምስታችሁ አንዱ ራሱን ካመመው፣ ወይም ካሰባችሁት ሰዓት በላይ ከዘገያችሁ፣ ተመለሱ። አንዴ መውረድ ከጀመራችሁ መመለሱም መቀጠሉም ያው ዳገት ነው።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ዙሩን ለምን አትገለብጡትም? መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች፣ ከዚያ ወንዙን፣ በማግስቱ አንዱን ጫፍ ብቻ። የመጨረሻው ቀን ይቀልላችኋል።

ሌላው፣ እነዚህ ተራሮች ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይ ከአፋር ሜዳ ብቅ ስትል ቀድማ የምታገኘው እነሱን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳገት ከጀመርክ ፀሐይዋ ጀርባህን እየመታች አብራህ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ግን ያው ዳገት ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ቀኑን ታች አርፎ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መውጣት ነው የሚሻለው።

መሪ ስለሚባለው ነገር፣ ካርታ ያለው ሰው መሪ ለምን ያስፈልገዋል? ደብዳቤ ጻፉ፣ ቀበሌ ሂዱ፣ አበል ክፈሉ ሲባል ሰው ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። በነፃነት መሄድ ያለውን ደስታ አትግደሉት።

የጦሳ ልጅ

የፊቱ አቅጣጫ ላይ ልክ ነህ። የመገልበጡንም ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጀመሩ ላይ ግን አልስማማም። እኛ አገር 12 ሰዓት ካለፈ ጨለማው ወዲያው ነው የሚወርደው። ሦስት ሰዓት ያህል ስትወጣ ቆይተህ ጫፉ ላይ ይመሽብሃል፤ ቀሪው መንገድ ደግሞ የሚናድ ጠጠር ነው። ድንጋዩ የቡጢ ያህል ነው፣ ክብ ክብ፣ ስትረግጠው ይንከባለላል። ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ጨረቃዋ ሙሉ የሆነችበትን ሰሞን ምረጡ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሱ። ፀሐይ ስትወጣ የዳገቱ ግማሽ አልቆ ይገኛል።

የባቲ ሰው

ልጆቼ፣ ሰላም አላችሁ? ተወልጄ ያደግሁት ባቲ ነው። ሰኞ ገበያ ስትመጡ የምታዩት ያ ሁሉ ግመል ከየት የመጣ ይመስላችኋል? እናንተ ሰው የለበትም ብላችሁ በምታስቡት ተራራ መሀል አልፎ ነው የሚመጣው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩ በዚያ ገበያ የሚገናኘው በእግር በተሠራ መንገድ ነው። መንገድ ስላልተቀባ፣ ምልክት ስለሌለው ባለቤት የለውም አትበሉ።

ስለ ውሃው ልንገራችሁ። ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ተቆፍሮ የሚቀዳ ውሃ አለ። ከብት እንዳይገባበት አፉ በእሾህ ይታጠራል። አንድ ሰው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ በጣሳ ይቀዳል። ጥቂት ጣሳ እንዳወጣ ታቹ ጭቃ ይሆናል። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከአሸዋው ሥር ቀስ እያለ መልሶ ያጠራቅማል። ደግሞ ይቀዳል። ከላይ ፍየሎች ቆመው ያያሉ። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ረጅም ሰዓት ነው። አምስት ሰው ሆናችሁ መጥታችሁ ጠርሙሳችሁን ብትሞሉ፣ ፊታችሁን ብትታጠቡ፣ የዚያን ቀን የአንድን ቤተሰብ መንጋ ውሃ ወሰዳችሁ። ማንም አይከለክላችሁም፤ እንግዳ ውሃ አይነፈግም። ስለማይከለክላችሁ ነው እናንተ ልታስቡበት የሚገባው። የጉድጓድ ውሃ ከዕቅዳችሁ ይውጣ። ለጭንቅ ቀን ብቻ ይሁን።

መሪውንም አትናቁ። አፋር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ማን አለፈ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ የቱ ጉድጓድ ደረቀ። በዳጉ ላይ ውሸት ነውር ነው። ካርታው ጉድጓዱ የት እንዳለ ያሳያችሁ ይሆናል። ዛሬ ውሃ እንዳለበት የሚነግራችሁ ግን ዳጉ ነው። እናንተም ብትሆኑ ገና ሳትደርሱ ወሬያችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። «አምስት የማይታወቁ ሰዎች ተራራ ላይ ይዞራሉ» ተብሎ ከሚደርስ «የእገሌ እንግዶች ናቸው» ተብሎ ቢደርስ ይሻላችኋል።

ሆጤ ሰፈር

አባባ፣ ስለ ዳጉ ያሉት ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። የእኔ ጭንቀት ጉዞው የሀብታም ቱሪስት ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት በአቅሙ አገሩን ማየት አለበት።

ካይሮ ነበርኩ (ኮምቦልቻ)

ሆጤ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ሌሎችም ጠይቀው መልስ አግኝተውለታል። ግብፅ ለትምህርት ሳለሁ ያየሁትን ልንገርህ። ሲና ውስጥ አንድ ረጅም የእግር መንገድ አለ። በ2015 ሲጀመር 220 ኪሎ ሜትር ነበር። ኋላ አድጎ 550 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ሆነ፤ ስምንት የበደዊን (የበረሃ አርብቶ አደር ዓረቦች) ጎሳዎች ምድር ያካልላል። አንዱ መሪ በመላው ሲና አይመራህም። የጎሳው ወሰን ላይ ሲደርስ ለሌላው ጎሳ መሪ ያስረክብሃል። ግመሉም እንደዚያው ይቀየራል። ገቢው በየደረጃው ለሁሉም ይደርሳል፤ ውሃውን የሚያውቀውም በዚያ ምድር ያደገው ሰው ነው።

ከቀይ ባሕር ዳሯ ከተማ ከሑርጋዳ ጀርባ ደግሞ በ2019 የተከፈተ ሌላ ዙር አለ፤ 170 ኪሎ ሜትር ነው። የማዓዛ ጎሳ ሰዎች ናቸው የሚመሩት። በሲና ያሉትን ሳይጨምር የግብፅ ረጅሙ ተራራ ጀበል ሻይብ አል ባናት፣ 2,187 ሜትር፣ እዚያው ነው ያለው። ከደሴ ከተማ ዝቅ ይላል እኮ! ግን ደሴ ላይ ቧንቧ አለ፣ ደመና አለ። እዚያ ግን ዛሬ የምትጠጣትን ውሃ ትናንት አስበህባታል።

የእኛም ዙር የባቲን የኦሮሞ መንደርና የአፋርን ምድር ይነካል። ስለዚህ ሁለት መሪ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ለአምስት ሲካፈል ብዙ አይከብድም። በሰፈር ልጆች መካከል እንደ እቁብ አዋጥተን መሄድ እንችላለን። የአገሬው ሰው የሚጠቀምበት መንገድ ከሆነ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣውንም ልጅ በደስታ ይቀበሉታል።

ነርሷ እህታችሁ (ደሴ)

ስለ ውሃው መጠን ማንም በቁጥር አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር።

በሙቀት ስትሄዱ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ትፈልጋላችሁ። መካከሉን ውሰዱ። ስምንት ሰዓት የእግር ጉዞ ስድስት ሊትር ነው። ለማታ፣ ለምግብና ለሌሊት ሁለት ጨምሩ። ለአንድ ሰው በቀን ስምንት፣ ለሁለት ቀን 16 ሊትር። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። 16 ኪሎ ውሃ ከምግብና ከብርድ ልብስ ጋር ተሸክሞ ያንን የሚንከባለል ድንጋይ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ግመል የግድ ነው። ለአምስታችሁ 80 ሊትር፣ ለመጠባበቂያ 20፣ ሲደመር 100። አንድ ግመል በምቾት ይሸከመዋል።

ውሃ ብቻ መጋትም ጥሩ አይደለም። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃ ብቻ ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መንቀጥቀጥ ያመጣል። ፋርማሲ የሚሸጠውን ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ያዙ፤ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ነው። ካጣችሁ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ በልክ እንጂ የተከመረ አይሁን። ቴምርና ጨው ያለው ቆሎ ያዙ። በሶ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ እንደሚጠጣባችሁ አስሉት።

አሁን ዋናው። አንድ ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ሰውነቱ ከነደደ፣ ይህ ድካም አይደለም። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አእምሮ ይናወጣል። «ትንሽ ይረፍና እንቀጥላለን» አይባልም። እዚያው ጥላ አድርጉለት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ያላችሁን ውሃ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አፍስሱ፣ በነጠላ አራግቡለት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። የመጠባበቂያው 20 ሊትር ለዚህ ነውና ማንም እጁን እንዳይታጠብበት።

ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ጫትም መጠጥም ይቅር። ጫት ረሃብንና ድካምን ይደብቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እነዚያ ምልክቶች እንዲሰሙን ነው የምንፈልገው።

ሚሌ መስመር

በዚያ መንገድ ጭነት እየጫንኩ የምመላለስ ሹፌር ነኝ። ደረቁ ወንዝ ውስጥ እንዳታድሩ! አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ለመኝታ ያስመኛል። ግን ዝናቡ ከላይ ወሎ ደጋ ላይ ጥሎ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውሃ በሌሊት ግንድና ድንጋይ እየገፋ ይመጣል። ድልድይ በሌለበት ስንት ጊዜ መኪና አቁመን ወንዙ እስኪጎድል ጠብቀናል። ከዳርቻው ወጣ በሉ፤ ያለፈው ጎርፍ ጭራሮ ያስቀረበትን መስመር እዩና ከዚያ በላይ ተኙ።

ወቅቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም። የበልግ ዝናብም አለ፤ መጋቢትና ሚያዝያ አይታመኑም። ከኅዳር እስከ ጥር ነው ሰላሙ።

ጫማችሁ ሶሉ ስፖንጅ አይሁን። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ መንገድ ዳር ወርሮታል። እሾኹ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ለስላሳ ሶል በስቶ ውስጥ እግር ይወጋል። እዚያ ያለው እረኛ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ የሚያደርገው አውቆ ነው። ወረንጦ ያዙ።

የባቲ ሰው

ሹፌሩ ደህና አድርጎ ተናገረ። እኔ ስለ ወቅቱ አንድ ልጨምር። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ጥርና የካቲት አካባቢ እየገባ ነው። ግመል የሚነዳላችሁ ሰው ጾመኛ ሆኖ በፀሐይ ማስኬድ አይገባም። ከዚያ በፊት ጨርሱት።

ሐይቅ ዳር (ተሁለደሬ)

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። የእኛ አካባቢ ስንት ወጣት ያንን በረሃ ያቋረጠው ለመዝናናት አይደለም። በሎግያ አድርጎ፣ ጅቡቲ ገብቶ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር ነው። አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ። የወጡት ሁሉ አልተመለሱም። ቤታችን ውስጥ ያለ ሐዘን ነው።

ጉዞውን አልቃወምም። አገሩን የሚወድ ወጣት ሲሰበሰብ ደስ ይለኛል። የምለምናችሁ መንገዳችሁ ላይ የተዳከመ ሰው ብታገኙ የምትሰጡት ውሃ እንዲኖራችሁ ነው። ሌላ 20 ሊትር ጫኑ።

ነርሷ እህታችሁ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ አላህ ያጽናችሁ። ይጫናል። ለምለሙንም እጥፍ አድርጉት። በረሃብና በጥም የቆየ ሰው ካገኛችሁ በአንዴ አታጠጡት፤ በትንሽ በትንሹ፣ በየጥቂት ደቂቃው።

ይጎፍ ሥር

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ዕቅዱን ቀይረነዋል።

ዙሩን ገልብጠነዋል፤ ሁለቱ ጫፎች በመጀመሪያው ቀን፣ አንዱ በሁለተኛው። ግመሉ ውሃውን ይዞ ከእኛ አንድ ቀን ቀድሞ በደረቁ ወንዝ በኩል ይወርዳል። ባለግመሉ ውሃው ጋ ያድራል። እኛ ለአንድ ቀን የሚበቃ ሰባት ሰባት ሊትር ይዘን በሸንተረሩ እንሄዳለን። ወደ ወንዙ የሚያወርደው ጫፍ ላይ እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረስን ወይም አንዳችን ካመመን በሸንተረሩ እንመለሳለን። ታች ከደረስን በኋላ ችግር ቢመጣ ደግሞ ሦስተኛውን ጫፍ ትተን ግመሉ በመጣበት መንገድ እንወጣለን። ለካ ዙሩ መሀል ላይ መውጫ ነበረው፤ ግመሉ ባይነሳ ኖሮ አናየውም ነበር።

አባባ፣ ባቲ መጥተን እርስዎን እናናግራለን፤ ከላይም ከታችም መሪ የሚሆነንን ሰው በእርስዎ በኩል ብናገኝ ደስ ይለናል። ለወረዳውም ለቀበሌውም በሁለቱም በኩል እናሳውቃለን። የጸጥታው ሁኔታ ጥሩ አይደለም ካሉን ተራራው የትም አይሄድም፤ ይጎፍ ላይ እንቆያለን።

የሄድንበትን መስመር በጂፒኤስ መዝግቤ እዚህ እንድለጥፍ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የጉድጓዶቹን ቦታ አልለጥፍም። ለመንገዱ መሪዎቹን ጠይቄ ከፈቀዱ።

የባቲ ሰው

ኑ ልጄ። ሰኞ አትምጡ፣ ገበያ ነው፣ ለመነጋገር አይመችም። ማክሰኞ ይሁን።

ካይሮ ነበርኩ

ሴት ትቀላቀላለች ወይ? እኔና አንዲት ጓደኛዬ እንፈልጋለን። ማደሪያውን ለብቻ እናዘጋጃለን።

ይጎፍ ሥር

በደስታ፣ እህቴ። ሰባት እንሆናለን፤ ውሃው ከነመጠባበቂያው 152 ሊትር ይደርሳል ማለት ነው፣ ሁለተኛ ግመል እንጠይቃለን። ለመሞከሪያ ቅዳሜ ይጎፍን እንወጣለን። የሚመጣ ሁሉ ሰባት ሊትር ውሃ በጀርባው ይዞ ይምጣ። ውሃው እላይ አይደፋም፤ ተሸክመነው እንወርዳለን።

ሆጤ ሰፈር

እኔም አለሁ። ከደሴ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?

ይጎፍ ሥር

12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ እንጠብቅሃለን።